ትኩስ ገንፎ በፌስታል

መጀመሪያ ያስተዋልነው ሳሉን ነው። ልጃችን ሲፈን በልታ ስትጨርስ መሳል ጀመረች። ደረቅ ሳል አልነበረም፤ ጉሮሮዋ ላይ ውሃ የቀረ የሚመስል እርጥብ ሳል ነው። ትንሽ ቆይቶ ይተዋታል። ጉንፋን አልያዛትም፣ ትኩሳትም አልነበራትም። የአሶሳ ሙቀት የበረታበት ሰሞን ስለነበረ አቧራው ነው ተባባልን። ባለቤቴ ታደሰ መስኮቱን ዘጋ። ሳሉ ግን የሚመጣው ከአቧራው ጋር ሳይሆን ከገንፎው ጋር ነበር።

ይህን የምጽፈው ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ለምታሳድጉ ሰዎች ነው። ጋዜጠኛ ነኝ፤ እዚሁ አሶሳ ሬዲዮ ላይ እሠራለሁ። ሥራዬ የማውቀውን ከምገምተው ለይቼ እንድናገር አስለምዶኛል፤ እዚህም እንደዚያው አደርጋለሁ።

ሲፈን ያኔ ሰባተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ምጡ ረዝሞብኝ ነበርና ስትወለድ አላለቀሰችም፤ አንጎሏ የተጎዳው ያኔ ነው። እግሮቿ እንደ መቀስ ይቆላለፋሉ፣ እጆቿ ይጨበጣሉ፣ አንገቷ ቶሎ ይደክማል። አትናገርም። የሚነገረውን ግን ትሰማለች፣ የማትወደውን ሰው ፊቷን አዙራ ታሰናብታለች፣ አባቷ ሲዘፍን ትስቃለች። ታደሰ ሲዘፍን የሚያስቅ ሰው ስለሆነ ፍርዷ ትክክል ነው።

ምላሷ ማንኪያ ወደ ውጭ ይገፋል። ይህ ለብዙዎቻችሁ አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ቁርስ ለማብላት ረፋዱ ያልፋል፤ ግማሹ ደረቷ ላይ ይቀራል። በፊዚዮቴራፒ ክፍል የምንገናኝ እናቶች ለዚህ አንድ ዘዴ እንቀባበል ነበር፤ ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ገንፎው ቀጠን ይላል። ልጁ እንዲወፍር የተፈጨ ለውዝና ዘይት ይገባበታል። ትኩስ እንዳለ ፌስታል ውስጥ ይገለበጥና አፉ ይቋጠራል፤ ከዚያ የፌስታሉ አንድ ጥግ በመቀስ ይቆረጣል። ልጁን ወደ ኋላ ጋደም አድርጎ፣ የተቆረጠውን ጫፍ በከንፈሩ ጎን አስገብቶ መጭመቅ ነው። ምላስ የሚገፋው ማንኪያ አያገኝም። ምግቡ በቀጥታ ወደ ጉሮሮ ይሄዳል። ትኩስ መሆን አለበት፤ ከቀዘቀዘ ይጠጥርና በቀዳዳው አይወጣም።

እኔና ታደሰ ሥራ ስንውል ሲፈንን የምታበላት ሐዋ ናት። ሐዋ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ ቤቷ ከከተማው ዳር ነው፣ ጠዋት በእግሯ ትመጣለች። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ሲፈንን እንደ ወንድ ነው የምትጠራት፤ እኛም ለምደነዋል። ማታ ስገባ ባዶውን ፌስታል ታሳየኛለች።

"ዛሬ ሁሉ ጨረሰ፣ አልሐምዱሊላህ። እንደ ወታደር ነው የበላው።"

እንዲህ ነበር የምንኖረው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሐዋ ደወለች። "ነይ" አለች።

ሄድኩ። የሲፈን ከንፈር ጠቁሯል። ጎኗ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ገላዋ ይፋጃል። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ግን አያየኝም። ባጃጅ ያዝን። ሐዋ እግሯን፣ እኔ ራሷን ይዘናል። ሆስፒታል ገባን። ኦክስጅን ተሰጣት። ራጅ ተነሳች። የቀኝ ሳንባዋ ታችኛው ክፍል ነጭ ሆኗል። አስፒሬሽን ኒሞኒያ ተባለ። ምግብ ወደ ሆድ መሄዱን ትቶ ወደ ሳንባ ሲገባ የሚመጣ የሳንባ ምች ነው። በአፍንጫዋ ቱቦ ወደ ጨጓራዋ አስገቡላት። ናዞጋስትሪክ ቱዩብ ይሉታል። በአፏ ምንም አይግባ ተባለ።

ተረፈች።

መተንፈሷ ሲስተካከል የሕፃናት ሐኪሟ አልጋው አጠገብ መጣች። ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች፣ ቃል የማታባክን ሐኪም ናት። "ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትበላ አሳዩኝ" አለች። ሐዋ ከቦርሳዋ ፌስታል አወጣች። ውሃ ሞላችበት፣ ጥጉን ቆረጠች፣ ራሷን ወደ ኋላ አዘንብላ ወደ ገዛ አፏ ጨመቀችው። ሐኪሟ አየች።

"አንዴ ድገሚልኝ" አለቻት።

ሐዋ ደገመችው። ከዚያ ፌስታሉን ዝቅ አድርጋ "ምን አጠፋሁ?" አለች።

"አላጠፋሽም። እስከዛሬ በሕይወት ያለችው ስላበላሻት ነው" አለች ሐኪሟ። "ግን ሁለት ችግር ይታየኛል።"

የመጀመሪያው ሳንባዋ ነበር። ጋደም ያለ ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ምግብ ሲጨመቅ ልጁ ለመዋጥ አይዘጋጅም፤ የመተንፈሻው በር ክፍት እንዳለ ምግቡ ይደርሳል። ሳሉ ያ ነበር።

ሁለተኛውን ከመናገሯ በፊት የሲፈንን እጅ አነሳች። አንጓዋ ላይ በክር የታሰረ፣ ጣት የሚያህል ግልጽ የፕላስቲክ ጎማ አለ። ሲፈን የገዛ እጇን እየነከሰች ስታቆስል ታደሰ ከውሃ መሳቢያ ጎማ ቆርጦ ያሰረላት ነው። ጫፉ በጥርሷ ተቦጭቋል።

"ይህን መቼ መቼ ነው የምታኝከው?"

"ከነቃች እስክትተኛ" አልኩ።

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የነገረችኝን እንደገባኝ ላስቀምጠው። ለስላሳ ፕላስቲክን የሚያለሰልሱት ኬሚካሎች ፍታሌት ይባላሉ። ከፕላስቲኩ ጋር ጠብቀው አልተያያዙም፤ በምራቅ፣ በቅባትና በሙቀት ቀስ በቀስ ይወጣሉ። ቢስፌኖል የሚባል ሌላ ደግሞ አለ፤ በአንዳንድ ጠንካራ ፕላስቲኮችና በታሸገ ምግብ ቆርቆሮ ውስጠኛ ሽፋን ይገኛል። እነዚህ ኬሚካሎች የሰውነትን ሆርሞን ሥራ ሊያዛቡ ይችላሉ ተብሎ ይሰጋል። በእጃችን ያለው ፌስታል ደግሞ ትኩስና ቅባት ያለው ምግብ እንዲይዝ የተሠራ አይደለም፤ ከምን እንደተሠራም የሚነግረን የለም። "ሌላ ልጅ ዕቃ አፉ ውስጥ የሚከትበትን ዕድሜ ያልፈዋል" አለች። "ሲፈን አላለፈችውም። የሚደርሳት ከሌላው ልጅ የሚበልጠው ለዚህ ነው።"

የሙያዬን ጥያቄ ጠየቅኳት። "ሕመሟን ያመጣው ይህ ነው?"

"አይደለም። ሴሬብራል ፓልሲው ከልደቷ ነው። የሳንባ ምቹን ያመጣው አበላሉ ነው። ኬሚካሉ ሦስተኛ ነገር ነው። አታቀላቅያቸው።"

"ኬሚካሉስ ምን አደረጋት?"

"አላውቅም። የምንለካበት ላብራቶሪ እዚህ የለንም። እንደ እሷ ባሉ ልጆች ላይ የተጠናውም ትንሽ ነው። መቀነስ እንደሚቻል ግን አውቃለሁ።"

በሥራዬ ብዙ ባለሙያ አነጋግሬያለሁ። "አላውቅም" የሚለውን ያለ ሐፍረት የሚናገር ሰው የሚለውን ሌላውንም አምናለሁ።

ታደሰ አልጋው ግርጌ ቆሞ ነበር። በሲፈን አፍንጫ ወደ ገባው ቱቦ አመለከተ። "ይሄስ ፕላስቲክ አይደለም እንዴ ዶክተር?"

"ነው። እሱም ውስጥ ኬሚካሉ ይኖር ይሆናል። ዛሬ ግን የምትኖረው በእሱ ነው። እንዳትነኩት።"

ከዚያ የሚጠብቀንን ነገረችን። ሲፈን ለዕድሜዋ በጣም ቀላል ናት። ቱቦው ሲወጣ በአፏ በትክክለኛው መንገድ በልታ ክብደት መጨመር አለባት። ካልጨመረች በሆዷ በኩል ቱቦ የሚገባበት ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ ጋስትሮስቶሚ ይባላል፣ ለእሱ አዲስ አበባ መሄድ አለብን። "ክፉ ነገር አይደለም፣ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ያተርፋል" አለች። "በአፏ መብላት የምትችል ከሆነ ግን ዕድሉን እንስጣት።"

ስለዚህ ጥያቄው ግልጽ ነበር። ሲፈን ያለ ፌስታል መብላት ትችላለች ወይስ አትችልም?

ቤት እንደገባን ለዘገባ እንደምወጣ ሆኜ የገዛ ቤቴን አየሁት። ሲፈን የምትተኛበት ምንጣፍ ፕላስቲክ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያው ሲግል ይሸታል፣ እሷ ጉንጯን አስደግፋ ትውላለች። የምትቀመጥበት ወንበር ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ተሰንጥቆ ጨርቅ የተነጠፈበት ነው፤ ጠርዙን ትልሰዋለች። የምትጠጣው ውሃ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው ከሚውል ጀሪካን ይቀዳል። ከሰል የምናያይዘው ፌስታል ለኩሰን ነው፤ ጭሱ እሷ ወዳለችበት ክፍል ይገባል። ትልቅ ሰው ከዚህ ሁሉ ተነስቶ ይሄዳል። ሲፈን ተነስታ መሄድ አትችልም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ምንጣፉን ወደ ውጭ ስጎትት አገኙኝ። ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ ሲፈንን ከልደቷ ጀምሮ ያውቋታል፣ ይወዷታልም።

"ምነው፣ ቤት ልትለቁ ነው እንዴ?"

ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

"ኧረ ተይ ልጄ። ለጤነኛ ልጅ ቢሆን እሺ። እሷ ላይ ደሞ ምን ይጨመርባታል ብለሽ ነው?"

"ጉበት አላት፣ እትዬ። ኩላሊት አላት። ሳንባዋን በራጅ አይቼዋለሁ፤ የሰው ሳንባ ነው።"

"ክፉ ቃል አልወጣኝም እኮ!"

"አልወጣዎትም። ግን እንዲያ አይበሉ።"

"አንቺስ እንደዚያ ሬዲዮሽ ነሽ፣ የሚዘጋሽ የለም" አሉና የምንጣፉን ሌላ ጫፍ ያዙልኝ።

የእትዬ ዘሃራን አባባል ከዚያ በፊትም ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ጥርሷን ላሳክም ስሄድ ሰምቼዋለሁ። መነጽር ላሠራላት ስሄድ ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ በርኅራኄ ነው የሚነገረው። ትርጉሙ ግን አንዴ የተጎዳ ሰውነት ከዚያ በኋላ አይጎዳም ማለት ነው። ይህ ሐሰት ነው። የተጎዳ ሰውነት መከላከያው የቀነሰ ሰውነት ነው፤ ጥንቃቄ ሊበዛለት እንጂ ሊቀነስበት አይገባም። በዚህ ነገር ከማንም ጋር አልስማማም፤ እንድስማማም አትጠብቁኝ።

ቱቦው ወጣ። መከራው ያኔ ጀመረ።

ፊዚዮቴራፒስቱ የብረት ማንኪያ ከለከለን። ብረት ጥርሷን ሲነካው መንጋጋዋ ይቆለፋል፣ መልቀቅ ያቅታታል። አንዴ ሞከርን። ድዷ ደማ። "ትንሽ፣ ለጥ ያለ፣ ጠርዙ የተስተካከለ የእንጨት ማንኪያ ፈልጉ" አለን። ታደሰ ገበያውን ዞረ። ያገኘው የወጥ ማማሰያ ብቻ ነው። እሱን ገዝቶ በቢላዋና በጠርሙስ ስባሪ ሲፍቅ ዋለ። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ልኬቱ ትክክል ነበር፣ ማንኪያው ግን መቅዘፊያ መሰለ። ሐዋ አገላብጣ አየችው።

"መምህር፣ ይሄ የሲፈን ነው የአህያ?"

ታደሰ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ከሆስፒታል ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃችን ነበር። አልጋና በርጩማ የሚሠራው የሐዋ ወንድም በማግስቱ ደህናውን ጠርቦ ሰጠን።

ማንኪያው ተገኘ። ሲፈን አልበላችም።

ትገፋዋለች። ትተፋዋለች። ታለቅሳለች። ገንፎው ወፍሯል፣ ለብ ብሏል፣ እሷ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሁሉ ፊዚዮቴራፒስቱ እንዳለው ነው። አትበላም። የክንዷ አጥንት ጎላ። የጎድን አጥንቷ ተቆጠረ። ለመመዘን ስንወስዳት ቀንሳለች።

በዚያ ሰሞን ሐዋ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ተነሳች።

"ያ ኡኽቲ" አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው። "ልጁ ይርበዋል። አንቺ ሥራ ሂጂ። እኔ በፌስታል ይጨምቃል። አንቺ አታይም።"

"አይሆንም።"

"ወላሂ ቀስ ብዬ ነው።"

"ሐዋ፣ አይሆንም።"

"ሳይበላ ይሙት ነው የምትዪው?"

ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እልኸኛ ብሆንም በልጄ ሕይወት እልህ አልጋባም። ስልኬን አንስቼ ሐኪሟ ጋር ደወልኩ፤ ሐዋም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ሐኪሟ ፌስታሉን አልፈቀደችም። "በአንዴ ብዙ አትስጧት። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ስጧት። ለውዙን ጨምሩ። በሚቀጥለው ሚዛን ከቀነሰች ቱቦውን እመልሳለሁ፤ ያኔ ሽንፈት ነው ብላችሁ እንዳትቆጥሩት" አለች። ሐዋ ሳህኑን ከመሬት አነሳች። "እሺ። ግን ከቀነሰ ከአንቺ ጋር ነው ጠቤ" አለችኝ። ተስማማን።

አንድ ቀትር ላይ ታደሰ እያበላት ነበር። ከጎኗ ተቀምጦ አውራ ጣቱን አገጯ ላይ፣ ሌላውን ጣቱን ከመንጋጋዋ ሥር አድርጓል። ማንኪያውን ምላሷ ላይ አሳርፎ ጫን አደረገው። ጠበቀ። የሲፈን የላይኛው ከንፈር ወረደ። ማንኪያውን ጠረገው። ዋጠች። አልሳለችም።

ታደሰ ሁለተኛውን ሰጣት።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ማንኛውም ልጅ አመጋገብ ነው፤ አንድ ቀን ይሳካል፣ አንድ ቀን አይሳካም፣ ባሚያ ወጥ ከገንፎ ይልቅ እንደምትወድ እናውቃለን፣ ሙዝ ሲቀርብላት ጀርባዋን ቀስት አድርጋ እንደምትቃወም እናውቃለን፣ ሐዋም ገንፎውን በቅል ሳህን ይዛ አጠገቧ ስትቀመጥ ከማናችንም የተሻለ ትታገሣለች። የሚታኘከው ጎማ ቀርቶ በውሃ የራሰና የተቋጠረ የጥጥ ጨርቅ ተተካ፤ እየታጠበ በየጊዜው ይቀየራል። ከፕላስቲኩ ምንጣፍ ይልቅ በጥጥ አንሶላ የተሸፈነ የሣር ፍራሽ ላይ ትውላለች። ወንበሯ የእንጨት ሆኗል። ውሃው በሸክላ ገንቦ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከሰሉም በጭራሮ ይያያዛል። እትዬ ዘሃራ ለሰፈሩ ሁሉ "ወደዚያ ቤት ፌስታል ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ በሬዲዮ ታወጣችኋለች" እያሉ አስፈራርተውልኛል።

በሚዛኑ ቀን ሐኪሟ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየች። ሲፈንን አውርዳ እንደገና አስቀመጠቻት። "ጨምራለች" አለች። "ቀዶ ሕክምናውን ለጊዜው እንተወዋለን።" ሐዋ ወደ እኔ ዞራ "ጠብ የለም" አለች።

ጉዳዩን ለሬዲዮ ሳቀርበው አለቃዬ የት እንደሚገባ ቸገረው። "የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ላይ ነው የአካል ጉዳተኞች ፕሮግራም ላይ?" አለኝ። "ምሳ ሰዓት ላይ" አልኩት። ተላለፈ።

ለሐኪሟ፣ ለፊዚዮቴራፒስቱ፣ ማንኪያውን ለጠረበልን ለሐዋ ወንድም ምስጋናዬ የጸና ነው። ለታደሰ ነግሬዋለሁ። ለሐዋ የሚበቃ ቃል አላገኘሁም፤ የተጣላችኝ ለልጄ ብላ ነው።

ለእናንተ ደግሞ የምለው ይህ ነው። ልጃችሁ ሲበላ ወይም በልቶ ሲስል ካያችሁ አትጠብቁ፤ አበላሉን ለሐኪም አሳዩ፣ እንደ ሐዋ ሳታፍሩ። ትኩስና ቅባት ያለው ምግብ በፌስታልም ሆነ በፕላስቲክ ዕቃ አታስቀምጡ፤ ሁሉንም ፕላስቲክ በአንዴ ማስወገድ ካቃታችሁ፣ ደግሞም ያቅታችኋል፣ ከዚህ ጀምሩ። ቀጥሎ ቀኑን ሙሉ አፉ ውስጥ የሚውለውን ቀይሩ። ፌስታል አታቃጥሉ። ሐኪም ያዘዘውን ቱቦ፣ የኦክስጅን ጭንብል፣ መርፌ ግን ፕላስቲክ ነው ብላችሁ እንዳትከለክሉ፤ ትንፋሽ ይቀድማል። "ኬሚካሉን ከሰውነት የሚያጥብ" ብሎ መጠጥ የሚሸጥላችሁ ሰው ከመጣ በሩን አሳዩት፤ ቤቴ መጥቶ ነበር፣ የገባበትን በር አሳይቼዋለሁ። ፕላስቲክ ልጄን አሳመመው ብላችሁም ራሳችሁን አትክሰሱ። ያልታወቀውን አልታወቀም በሉ፤ መቀነስ የሚቻለውን ግን ቀንሱ። የእናንተ ልጅ ለሌላው ልጅ የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ ይገባዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ማንም አስቀድሞ ያልነገረኝ ነው። በፌስታል የሚጨመቅለት ልጅ እምቢ ማለት አይችልም። ቢጠግብም፣ ባይወደውም፣ ቢደክመውም ምግቡ ይገባል። ትናንት ምሳ ላይ ሲፈን ጥቂት ጉርሻ ሲቀራት ከንፈሯን ገጠመች። ሐዋ ማንኪያውን አስጠጋች። ሲፈን ዓይን ዓይኗን እያየች አፏን አልከፈተችም። ሐዋ አባበለቻት፣ አሞገሰቻት፣ ተቆጣቻት። ከንፈሩ አልተከፈተም።

"እምቢ አለ" አለችኝ ሐዋ።

"እምቢ ካለች ይበቃታል" አልኩ። ሐዋ ሳህኑን አነሳች።